የጋሽ ገብረየስ ካርድ እውነተኛ ነው ወይ?

ጠጋ በሉ፤ አንዱ ሌላውን ጎትቶ የሚያስቸግርበት ተረት ልነግራችሁ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ጋሽ ገብረየስ የሚባሉ ሽማግሌ በሳንባ ሕመም አልጋ ላይ ወደቁ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ቤታቸው ይሁኑ» ብሎ መለሳቸው፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። እሳቸው ግን ከመሞታቸው በፊት አንዲት ነገር ማወቅ ፈለጉ፤ ካርዴ እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ?

የምን ካርድ? ላስረዳችሁ። ጋሽ ገብረየስ በወጣትነታቸው አስመራ፣ በአሜሪካኖች ጦር ሰፈር ልብስ አጣቢ ነበሩ። አንድ ቀን ምጽዋ ላይ ቢሊ የሚባል ወታደር ባሕር ሲወስደው ዘለው ገብተው አወጡት። ቢሊም «ካለኝ ነገር ሁሉ ውዱ ይኼ ነው፤ ከአያቴ ነው ያገኘሁት» ብሎ የአንድ ቤዝቦል ተጫዋች ሥዕል ያለበት አሮጌ ካርድ ሰጣቸው። ቤዝቦል ማለት ኳስ በዱላ እየመቱ የሚሮጡበት የአሜሪካኖች ጨዋታ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈርተኛው ዕድሜ ልካቸውን ሳቀባቸው። «ነፍስ አድነህ ካርቶን ተሸለምክ! ፈረንጁ ሸነገለህ እኮ!»

አሜሪካ አገር ደግሞ አሮጌ ካርድ የሚመረምሩ ቤቶች አሉ። ማዕዘኑን፣ ጠርዙን፣ ቀለሙን በማጉያ መነጽር ያያሉ። እውነተኛ ከሆነ ከአንድ እስከ አሥር ደረጃ ይሰጡታል፤ ሐሰተኛ ከሆነ ሐሰተኛ ነው ይላሉ። ዋናው ጣጣ ቤቱን መምረጥ ነው፤ ሁሉም ቤት እኩል አይታመንማ! እዚያ የምትኖረው የጎረቤታቸው የወይዘሮ ሰዓዳ ልጅ ጠያይቃ ሁለት ቤት አገኘች። አንዱ ቤት ቸር ነው፤ የመጣለትን ሁሉ ዘጠኝ፣ አሥር ይላል። ሌላው ቤት ክፉ ነው፤ ለማንም አይራራም።

የጋሽ ገብረየስ ሚስት እትዬ ዘርፌ «ለቸሩ ቤት እንላከው፤ ጊዜ የለንም» አሉ።

ጋሽ ገብረየስ እያሳሉ ሳቁ። «እሱማ አዝማሪ ነው፤ ያየውን ሁሉ ያሞግሳል። እሱ እውነት ነው ቢለኝ እንዴት አምናለሁ? ለክፉው ላኪልኝ።»

እንግዲህ ቸሩን ቤት ጋሽ ገብረየስ አያምኑ፤ ክፉው ቤት ሳያይ እውነቱ አይታወቅ።

እትዬ ዘርፌ ካርዱን ይዘው ወደ ወይዘሮ ሰዓዳ ሄዱ። ወይዘሮ ሰዓዳ ልጃቸው ወልዳ፣ ሊያርሷት አሜሪካ ሊሄዱ ሻንጣ እየሸከፉ ነበር። ካርዱን ተቀብለው ገለበጡት።

«ውይ ዘርፌ! ላሚኔት አድርጋችሁታል እንዴ?»

«እንዳይበላሽ ብሎ ነዋ! መታወቂያውንም፣ የጋብቻ ወረቀታችንንም አድርጎታል።»

«ልጄ ምን እንዳለች ልንገርሽ? ክፉው ቤት በላሚኔት የታሸገ አያይም። ተመላሽ ዕቃ ተሸክሜ ያን ሁሉ ባሕር አላቋርጥም፣ እህቴ።»

ለምን አያይም አትሉኝም? ላሚኔት የሚሉት የፕላስቲክ ሽፋን ውስጡ ሙጫ ነው፤ ሲሞቅ ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር ይጋባል። የካርዱን ቆዳ በእጅ መንካት አይቻልም። ጋሽ ገብረየስ ካርዱን ያበላሹት ስለሚወዱት ነው።

እንግዲህ ቸሩን ቤት ጋሽ ገብረየስ አያምኑ፤ ክፉው ቤት የታሸገ አያይ፤ ወይዘሮ ሰዓዳ የማይታይ አይወስዱ።

እትዬ ዘርፌ ወደ ኑርሁሴን ሮጡ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው፣ ካርዱንም ያሸገው እሱ ነው።

«አንተ ኑርሁሴን፣ ያሸግከውን ክፈትልኝ!»

«እትዬ፣ አሞቄ መላጡንስ እችላለሁ። ግን ሙጫው ሥዕሉን ይዞ ቢነሳስ? ጋሼ ያለቻቸው ይቺው ካርድ ናት። ‹ላጥ› ይበሉኝና እልጣለሁ፤ ያለ እሳቸው ቃል እጄን አልሰድም።»

እንግዲህ ቸሩን ቤት ጋሽ ገብረየስ አያምኑ፤ ክፉው ቤት የታሸገ አያይ፤ ወይዘሮ ሰዓዳ የማይታይ አይወስዱ፤ ኑርሁሴን ያለ ባለቤቱ ቃል አይልጥ።

እትዬ ዘርፌ ወደ ቤት ተመለሱ። ጋሽ ገብረየስ ከጠዋቱ ይልቅ ከስተው ጠበቋቸው።

«ክፉው ቤት የታሸገ አያይም፤ ይላጥ በልና ኑርሁሴን ይላጠው» አሉ እትዬ ዘርፌ።

«ሐሰት ከሆነ መላጡ ምን ያደርጋል? እውነት ከሆነስ ማን ያስልጠዋል? መጀመሪያ እውነት መሆኑን ንገሪኝ፤ ከዚያ ላጡት እላለሁ።»

አያችሁ? ዞሮ እዚያው! ቸሩን ቤት ጋሽ ገብረየስ አያምኑ፤ ክፉው ቤት የታሸገ አያይ፤ ወይዘሮ ሰዓዳ የማይታይ አይወስዱ፤ ኑርሁሴን ያለ ባለቤቱ ቃል አይልጥ፤ ባለቤቱ እውነቱን ሳያውቁ ቃል አይሰጡ። ሞት ደግሞ ማንንም አይጠብቅ።

እትዬ ዘርፌ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ገብሬ፣ የምትፈልገው ካርዱን ነው መልሱን? ሁለቱን አንድ ላይ አታገኝም። ካርዱን ካልክ ደረትህ ላይ አድርጌ እቀብርሃለሁ፤ ሁለተኛም አልጨቀጭቅህም።»

ጋሽ ገብረየስ ብዙ አሳሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ላጡት» አሉ። «እኔ ግን አላየውም።»

ባለቤቱ ቃል ሰጡ፤ ኑርሁሴን ላጠ። የተጫዋቹ ፊት ከሙጫው ጋር ተነሳ፤ ኑርሁሴን እጁን አፉ ላይ ጫነ። የተረፈውን ወይዘሮ ሰዓዳ ወሰዱ፤ ክፉው ቤትም አየ።

ስልኩ ሲደወል ጋሽ ገብረየስ መናገር ትተው ነበር። ወይዘሮ ሰዓዳ ከወዲያ ጮኹ፦ «ዘርፌ፣ ደረጃ የለውም! ፊት ለሌለው ደረጃ አንሰጥም ብለዋል። ግን የተላጠበት ቦታ ላይ የወረቀቱን ውስጥ አይተውታል። የጥንቱ ነው! እውነተኛ ነው ብለዋል!»

እትዬ ዘርፌ ጎንበስ ብለው በጆሯቸው ነገሯቸው። ጋሽ ገብረየስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማነው ያለው?»

«ክፉው ቤት።»

«ቢሊ አልዋሸኝም» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ለቅሶው ላይ እነዚያ ሲስቁ የኖሩት መጡ፤ ድንኳኑንም የተከሉት እነሱ ናቸው። አንዱ ወደ እትዬ ዘርፌ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ካርዱ ስንት ያወጣል?» አለ።

«ፊቱ ተልጧል። ምንም አያወጣም።»

«ታዲያ ምን ጠቀማቸው?»

እትዬ ዘርፌ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና ለቅሷቸውን ቀጠሉ።

ተረቴ ይሂድ፤ ጤና ለእናንተ ይቅር።