አርባ በቅሎ ያስወጣ ብር

ስዋሽ ከተገኘሁ ዕድሜዬ እዚህ ላይ ይብቃ፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ፊታውራሪ ወሰንየለህ ሆዳቸው ቀድሟቸው እልፍኝ የሚገባ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን በእንግዶቻቸው ፊት አንድ አንጥረኛ አስጠሩና ፊደሉ ሁለት ሁለት ሆኖ የሚታይ ጠገራ ብር ሰጡት።

«መንታ ብር ነው፤ በቅሎ ያወጣል» አሉት። «መንታ ነው ካልክ በዚያች በቅሎህ ትገዛዋለህ። አይደለም ካልክ ውሸታም ብለኸኛልና አርባ ጅራፍ ትቀምሳለህ።»

አንጥረኛው ከበቅሎው ሌላ ሀብት አልነበረውም። ብሩን ወደ ብርሃን አዙሮ ፊደሉን በጥፍሩ ዳበሰው።

«ጌታዬ፣ ብሩ የተመታበት ማኅተም ራሱ መንታ ሆኖ ተቀርጾ ቢሆን ሁለቱም ፊደል ጉብ ብሎ ጥፍር ይይዝ ነበር። ውዱ እሱ ነው። የእርስዎ ግን ሁለተኛው ፊደል እንደ ተረገጠ ጭቃ ጠፍጣፋ ነው። ብሩ ሲመታ ማኅተሙ ተንቀጥቅጦ ነው ሁለት ያስመሰለው። ዋጋው ያው የአንድ ብር ነው።»

«ጅራፍ አምጡ!» ብለው ፊታውራሪ ሲጮኹ ሦስት አውራጃ ሰማ።

አንጥረኛው ጋቢውን አውልቆ ጀርባውን አዞረላቸው።

«እሺ ጌታዬ፣ ያስመቱኝ። ሲመታ ተንቀጥቅጦ ሁለት የመሰለ ሁሉ በቅሎ የሚያወጣ ከሆነ፣ እኔም በየጅራፉ ተንቀጥቅጬ ሁለት እመስላለሁ፤ ለየጅራፉ አንድ በቅሎ ይከፍሉኛል። አርባ በቅሎ በረትዎ ውስጥ ካለ ይጀመር።»

እንግዶቹ በሳቅ ሲፈነዱ ፊታውራሪ ጅራፉን አስመለሱ። አንጥረኛውም በበቅሎው ላይ ተቀምጦ እያፏጨ ወጣ።

አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬአለሁ፤ በቅሎዋ አህያ ነበረች።