ብቻዋን ያየችው እናት

አንዲት እናት ነበረች።

ታሪኩን የነገሩት አንድ አዛውንት የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ከተማሪዎቻቸው አንዷ፣ ወጣት ነርስ፣ ቢሯቸው ድረስ መጥታ «መምህር፣ ማሽኑ ‘የለም’ ሲል፣ እናት ደግሞ ‘አለ’ ስትል፣ እኔ ማንን ልመን?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። መልሱን ወዲያው አልሰጧትም። ይህችን እናት አነሱላት።

ሴቲቱ ደገኛ ናት። ባሏ የመንገድ ሥራ ገልባጭ መኪና ሹፌር ስለሆነ ተከትላው ቆላ ወረደች። እሱ ካምፕ ሲሰነብት እሷ ከሕፃን ልጇ ጋር በአንዲት የቆርቆሮ ቤት ትቀራለች። የአገሩን ቋንቋ አታውቅም። ጎረቤቶቿ ደጎች ናቸው፤ ውሃ ያካፍሏታል፤ ነገር ግን ከሰላምታ አልፈው አይግባቡም። ቀኑን ሙሉ የምታናግረው ልጇን ብቻ ነበር።

ልጁ አምስት ወር ሲሞላው አንድ ነገር አየችበት። ከእንቅልፉ ሲነቃ ድንገት አንገቱን ወደ ደረቱ ይደፋል፤ ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ይወረውራል፤ ወዲያው ይለቀዋል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያደርገዋል። አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ይደጋግመውና አልቅሶ ዝም ይላል።

ለባሏ ደወለች። «ሕፃን አይደለም እንዴ? ደንግጦ ነው» አላት፤ ከድምፁ ይልቅ የመኪናው ጩኸት ይሰማ ነበር። ለእናቷ ደወለች። «ሆዱን ቆርጦት ነው ልጄ፣ ጤና አዳም ስጪው» አሏት። ለጎረቤቷ በምልክት ልታስረዳ ሞከረች፤ አንገቷን ደፋ አድርጋ እጆቿን ወርወር አደረገች። ጎረቤቷ የምትጫወት መስሏት ሳቀች። እሷም አብራ ሳቀችና ቤቷ ገባች።

ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ቋንቋዋን የሚያውቅ አንድ የጤና መኮንን የልጁን ደረት አዳመጠ፣ ሙቀቱን ለካ፣ መዘነው። ልጁ እዚያ ሲደርስ ደህና ነው። «የኔ እህት፣ ልጅሽ ጤነኛ ነው» አላት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰች፤ ይህንኑ አላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ልጁ መሳቅ ትቷል። «ፊቴን አያየኝም» አለችው። «ብቻሽን ስለምትውዪ ነው፤ ብቸኝነት ብዙ ያሳስባል» ብሎ ሸኛት። ክፋት አልነበረበትም። እሷ ግን ያን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይኔ ይሆን እንዴ የሚዋሸኝ አለች።

በዚያው ሰሞን ለጤና ጣቢያው አዲስ ነገር መጣለት። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሉታል። በስልክ የተቀረጸ የሕፃን ቪዲዮ ሲሰጡት፣ ከብዙ ሺህ ሕፃናት ቪዲዮ የተማረ ነውና፣ እንቅስቃሴው የሚጥል በሽታ ይመስል እንደሆነ ይጠቁማል። መኮንኑ እናቲቱ ትዝ አለችው። አስጠራትና «ሲያደርገው ቅረጪና አምጪልኝ» አላት። ቀርጻ አመጣች። ማሽኑ «አጠራጣሪ እንቅስቃሴ አልተገኘም» አለ።

«ይኸው፣ እሱም የለም አለ» ብሎ ስልኳን መለሰላት።

ሴቲቱ አልተነሣችም። ቪዲዮውን መልሳ ከፈተችው። ልጇ እንደ አገሯ ልማድ እስከ አንገቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እጁን የት አየው?» አለችው።

«ምን አልሽ?»

«ይሄ ማሽን፣ የልጄን እጅ የት አየው? ያየው ጨርቅ ነው። እዚሁ ላስተኛው። ሲነቃ እርስዎ ራስዎ ይቅረጹት።»

በሩ ላይ ወረፋ ነበር። መኮንኑ ወረፋውን አየ፣ እሷን አየ። ከዚያ ወንበሩን ወደ በረንዳ አወጣና የምርመራ አልጋውን ለቀቀላት።

ልጇን ፈትታ፣ አጥብታ አስተኛችው። መኮንኑ በረንዳው ላይ ሌሎቹን ሲያይ እሷ ዓይኗን ከልጁ ሳትነቅል አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ሲንቀሳቀስ ጠራችው። መኮንኑ ስልኩን ደቀነ። የልጁ አንገት ተደፋ፤ እጆቹ ተወረወሩ። ደግሞ። ደግሞ። መኮንኑ መቁጠር ተወ።

«አዩት?» አለችው።

«አየሁት።»

መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሰባት ሳምንት የጠበቀችው ይህችን አንዲት ቃል ነበር።

በዚህኛው ቪዲዮ ማሽኑም «በአስቸኳይ ለስፔሻሊስት ይታይ» አለ። በዕለቱ አምቡላንስ ተጠርቶ ልጁ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላከ። ራሱ ላይ ሽቦ ለጥፈው አንጎሉን መረመሩት፤ የሚጥል በሽታ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ጀመረ። በሁለት ሳምንት እጁን መወርወር ተወ፤ በወሩ የእናቱን ፊት አይቶ ፈገግ አለ። በባከነው ሰባት ሳምንት ያጣው ግን ሁሉም አልተመለሰም። ዘግይቶ ተቀመጠ፤ ዘግይቶ ሄደ። ንግግሩ እስከ ዛሬ ጥቂት ነው።

አዛውንቱ ይህን ተናግረው ወደ ነርሷ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ማሽኑ እንደ ምስክር ነው። ያየውን ይናገራል። ‘አላየሁም’ ሲል ‘አልተደረገም’ ማለቱ አይደለም፤ ይህን መለየት የዳኛው፣ የአንቺ ፋንታ ነው። እናትም ምስክር ናት፤ ነገሩ ሲደረግ ቦታው ላይ የነበረችውም እሷ ናት። ማሽኑ ‘አለ’ ሲልሽ ሳትዘገዪ ላኪ፤ እሱ የሚያተርፋቸው ብዙ ልጆች አሉ። ‘የለም’ ሲልሽና እናት ‘አለ’ ስትልሽ ግን፣ ከእሷ ጎን ቁጭ በይና አብረሽ እዪ። ያ መኮንን ያን አንድ ሰዓት ገና ከመጀመሪያው ቢሰጣት ኖሮ፣ ልጁ ዛሬ ሌላ ልጅ ነበር።»

ነርሷ ዞር ብላ በሩን አየች።

«የጠየቅሽኝ ስለ አንዲት ሴት ነው አይደል?» አሏት። «አሁን የት ናት?»

«ኮሪደሩ ላይ ናት፣ መምህር። ልጇን ይዛ፣ ብቻዋን።»

«ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»