የዘርትሁን ጾመኛ ጉሮሮ

ጆሮ ያለህ ስማ፣ የሌለህም ከጎረቤት ተዋስ! ዘርትሁን የምትባል ሴት አንዲት ነገር ፈለገች። ግላኮማ የሚሉት የዓይን ግፊት ታላቅ ወንድሟን አሳውሮታል፤ አሁን የእሷም ግፊት ጨምሯል። እናም ለአንድ ቀን ወደ ጤና ጣቢያው የመጣውን ዶክተር ምንተስኖትን፣ "ልጄ፣ የዓይኔ ነርቭ ተጎድቶ እንደሆነ እይልኝ" አለችው። ቀትር ሲሆን መኪናው ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ዶክተር የለም።

"ነርቩ ከዓይንዎ ጓዳ ነው ያለው፤ ብሌንዎ ካልሰፋች አላይም" አላት።

ብሌኗን ብትለምናት፣ "ጠብታ ካልገባ አልሰፋም" አለች።

ወደ ጠብታው ሮጠች። "ግባ እንጂ! ጠብታ ካልገባ ብሌን አትሰፋም፣ ብሌን ካልሰፋች ዶክተር አያይም!"

"የዓይንሽ ቆብ ካልተገለጠ አልገባም" አለ ጠብታው።

"አንተ ቆብ፣ ተገለጥ! ቆብ ካልተገለጠ ጠብታ አይገባም፣ ጠብታ ካልገባ ብሌን አትሰፋም፣ ብሌን ካልሰፋች ዶክተር አያይም!"

ቆብ ጭፍን ብሎ፣ "ጉሮሮ ካልፈቀደ አልገለጥም" አለ። ቆብን ከጉሮሮ ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ባለፈው ጠብታ ሲደረግላት ምሬቱ ጉሮሮዋ ድረስ ወርዶ ነበራ! ዛሬ ደግሞ ሁዳዴ ነው።

"አንተ ጉሮሮ፣ ፍቀድ! ጉሮሮ ካልፈቀደ ቆብ አይገለጥም፣ ቆብ ካልተገለጠ ጠብታ አይገባም፣ ጠብታ ካልገባ ብሌን አትሰፋም፣ ብሌን ካልሰፋች ዶክተር አያይም!"

"ጾመኛ ነኝ! መምሬ ካልፈቱኝ ወይ ንክች!"

እየሮጠች የነፍስ አባቷን መምሬ ክንፉን እስከ ጤና ጣቢያው በር አመጣቻቸው። እሳቸውም መስቀላቸውን ጨብጠው፣ "ዶክተሩ ራሱ መጥቶ ካላስረዳኝ አልፈታም!" አሉ።

ዞሮ ዞሮ እዚያው! ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነው፤ የሹፌሩ ጥሩንባ ይጮኻል። ዘርትሁን በመስኮቱ ጮኸች፦

"ዶክተር፣ ውጣ! አንተ ካልመጣህ መምሬ አይፈቱም፣ መምሬ ካልፈቱ ጉሮሮ አይፈቅድም፣ ጉሮሮ ካልፈቀደ ቆብ አይገለጥም፣ ቆብ ካልተገለጠ ጠብታ አይገባም፣ ጠብታ ካልገባ ብሌን አትሰፋም፣ ብሌን ካልሰፋች አንተው አታይም! እንደ ወንድሜ ልታወር ነው!"

ዶክተሩ ተንደርድሮ ወጣ። "አባቴ፣ ጠብታው እንደገባ በአፍንጫዋ በኩል ያለውን የዓይኗን ጥግ በጣቷ ትጫነው። የእንባው መንገድ ይዘጋል፤ ወደ ጉሮሮ አይወርድም።"

መምሬ የራሳቸውን ዓይን ጥግ ተጭነው ሞከሩት። "እንዲህ?"

"እንዲያ!"

"በይ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ።"

ከዚያማ ማን ይቻለው! መምሬ ፈቱ፣ ጉሮሮ ፈቀደ፣ ቆብ ተገለጠ፣ ጠብታ ገባ፣ ብሌን ሰፋች፣ ዶክተሩም አየ። ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ቀና አለ።

"የግራው ነርቭ ጠርዙ ትንሽ ተበልቷል፤ የተበላው አይመለስም። የቀኙ ግን ደህና ነው። የቀረውን እናድነዋለን! ግፊት የሚቀንስ ጠብታ በየማታው ያደርጋሉ።"

"እስከ መቼ?"

"ዕድሜዎን ሙሉ።"

"ውይ! እስክሞት?"

"አዎ እማማ፤ ግን እያዩ።"

ዘርትሁን እልል አለችና የጠብታውን ብልቃጥ ከእጁ ነጠቀችው።