አንበሳው በሰባተኛው ዙር

አንድ ፍራሽ ነጋዴ ነበር፤ ደምሰው የሚባል። ሱቁ ውስጥ ፍራሾቹን ደራርቦ፣ ከሁሉም የሚመቸው ላይ ራሱ ይጋደምና ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ገበያተኛ ሲመጣ ዋጋውን ይናገራል እንጂ ቀና አይልም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ከተማው ሁሉ ባበደለት የካርድ ጨዋታ የሚያህለው ሰው ስላልተገኘ፣ ፍራሽ መሸጥ የትርፍ ጊዜ ሥራው ሆኖ ቀርቶ ነው።

ጨዋታው «ሸለቆ» ይባላል። የሠራችው እዚያው ከተማ የምትኖር ስንዱ የምትባል ወጣት ናት። ሁለት ሰዎች በየስልካቸው ይገጥማሉ። በመካከላቸው ደረቅ ሸለቆ አለ፤ ግማሹ የአንዱ፣ ግማሹ የሌላው። በየዙሩ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ካርድ ይጥላሉ፤ ዘር፣ ምንጭ፣ ንብ፣ ዋርካ፣ ደመና፣ ሌላም ሌላም። ማሸነፊያው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ማልማት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባላጋራ የጣለውን ሁሉ ጠራርጎ ማጥፋት ነው፤ ለዚህኛው ደግሞ አንበሳ የሚባል ካርድ አለ።

አንበሳ በሦስተኛው ዙር ዘሎ ይወጣና ከማዶ ያለውን ሁሉ በልቶ ጨዋታውን ይዘጋዋል። ዘር አይዘሩለት፣ ውኃ አያጠጡት፣ ምንም ዝግጅት አይፈልግም። ካርዱ የሚሰጠው ብዙ ላሸነፈ ሰው ነበር፤ ብዙ የሚያሸንፈው ደግሞ ካርዱ ያለው ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተጀመረ የት እንደሚቆም እንጃ። ደምሰው ካርዱን ከሁሉ ቀድሞ አገኘውና ከዚያ ወዲህ ሽንፈት የሚባል ነገር ረሳ።

ሰዉም «አንበሳው» ይለው ጀመር። ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር ይለቀቅለታል፣ ሲናገር ይሰማል፣ ሲቀልድ ባያስቅም ይሳቅለታል። የከተማውን ዋንጫ ደጋግሞ ወስዷል። ዘንድሮም ከወሰደው ዋንጫው ለዘለቄታው የእሱ ሆኖ ይቀራል፣ ስሙም ጨዋታው በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ ገጽ ላይ ይታያል። ዋንጫውን የያዘ ሰው በቀጥታ ለፍጻሜ ስለሚቀርብ፣ በደምሰውና በዚያ ገጽ መካከል የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን ሲከፍት ጨዋታው ራሱን እያደሰ አገኘው። አዲስ አፕዴት መጥቷል። ማስታወቂያውን ወረድ ወረድ እያለ አነበበው። ዝናብ ትንሽ ጉልበት ጨምሯል፣ ንብ ከድሮው ቀድማ ትደርሳለች፣ «የማዶ ዓይን» የሚባል አዲስ ነገር ተጨምሯል። ይህን ሁሉ ዘለለው። መጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርስ ግን ከፍራሹ ተነስቶ ቁጭ አለ። አንበሳ ከእንግዲህ ከሰባተኛው ዙር በፊት አይወጣም፤ ሲወጣም የሚበላው አንድ ካርድ ብቻ ነው ትላለች።

ወዲያው ስንዱ ጋ ደወለ። እሷም በትሕትና አዳመጠችውና፣ ሰው ጨዋታውን እየተወው መሆኑን፣ በሦስተኛው ዙር የሚያልቅ ነገር ጨዋታ ሊባል እንደማይችል ነገረችው። ደምሰው ተለማመጠ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ተለማመጠ። ፍንክች አላለችም። እንቅልፍም ምግብም እምቢ አለው። ስሙ ከእጁ እያመለጠ እንደሆነ ታወቀውና ፈራ።

በዚያ ከተማ ነገር ሲቋጠር ሽማግሌ ይላካል። ለጋብቻ ይላካል፣ ለተጣላ ይላካል፣ አጥር ለገፋም ይላካል። ለስልክ ጨዋታ የላከ ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። የመጀመሪያው ደምሰው ሆነ።

ሦስት ሽማግሌዎች መረጠ፤ በምርጫውም ውስጥ ተንኮል ነበረበት። በእነዚያ ቀናት ለፍጻሜው ያለፈው ሰው ታውቆ ነበር። እሳቸውም ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ የእድር ዳኛ ናቸው። ጨዋታውን ከጡረታ በኋላ የተማሩ፣ ካርድ ለመጣል ጊዜ የሚፈጁ፣ ደምሰው ከዚህ በፊት ስንቴ እንዳሸነፋቸው እንኳ የማያስታውሳቸው አዛውንት። ደምሰው አሰበ፤ የአንበሳው ጉልበት ይመለስ ብሎ የሚለምነው ራሱ ባላጋራዬ ከሆነ፣ ስንዱ ለማን አዝኜ ነው ልትል ነው? ቤታቸው ሄዶ በሽምግልና ላካቸው።  ጋሽ ሽብሩም ኮታቸውን አንስተው ከሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ስንዱ ሄዱ።

ስንዱ ሽማግሌዎቹን ስታይ ደንግጣ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ወንበር ብታቀርብላቸው፣ የመጡበት ጉዳይ ምላሽ ሳያገኝ እንደማይቀመጡ ነገሯት። እንደ ወጉ ቆሙ። አንደኛው ሽማግሌ ነገሩ በደንብ አልገባቸውም ነበርና፣ እንስሳውን እስከ ሰባት ድረስ ጦም ማሳደሩ ነውር ነው ብለው ጀመሩ። ጓደኛቸው ክንዳቸውን ነካ አደረጓቸው። ቀሪውን ጋሽ ሽብሩ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ይህ ሰው በዚህ ካርድ ስም አውጥቷል። ስም ከሰው ላይ በድንገት ሲነጠቅ ያማል። ለእሱ ባይሆን ለሽበታችን ብለሽ መልሽለት» አሏት።

ስንዱ ስማቸውን ጠይቃ ስትሰማ በመገረም አየቻቸው፤ ጨዋታዎቻቸውን ታውቃቸው ነበር። የፍጻሜው ተጋጣሚ እርስዎ አይደሉም እንዴ ብትላቸው ነኝ አሏት። ልጅቷ ብዙ አሰበች። ሽማግሌ አሳፍሬ አልመልስም አለች፤ ግን አንድ ነገር ጠየቀች። ደምሰው አስቀድሞ ከጋሽ ሽብሩ ጋር ከተጫወታቸው ጨዋታዎች አንዱን በማዶ ዓይን ይመልከት። አይቶ ሲያበቃ አሁንም የድሮው አንበሳ ይሻለኛል ካለ፣ በዚያው ሰዓት እመልስለታለሁ አለች። ሽማግሌዎቹ መረቋትና ተቀመጡ።

ደምሰው ይህን ሲሰማ ሳቀ። ጨዋታ ማየትማ ምን ችግር አለው። በምሳ ሰዓት ሱቁን ገርበብ አድርጎ ፍራሹ ላይ ወጣና አዲሱን ነገር ከፈተው። የማዶ ዓይን ያለቀን ጨዋታ ከባላጋራ ወንበር ሆኖ የሚያሳይ ነው። ሰውየው በእጁ ምን ይዞ እንደነበረ ይታያል፣ ጨዋታው ባይቋረጥ ኖሮም የት ይደርስ እንደነበር ወደፊት ይዞ ይሄዳል።

የጋሽ ሽብሩን እጅ አየ። በመጀመሪያው ዙር አንድ ዘር ይጥላሉ። በሁለተኛው አንድ ምንጭ፣ ያውም ከዘሩ ርቆ፣ ከላይ ዳገቱ ላይ። ደምሰው ሞኝነት መሰለው። በሦስተኛው የራሱ አንበሳ ዘሎ መጥቶ ሁለቱንም ሲበላ አየ። እዚህ ጋ ነበር ሁልጊዜ የሚያበቃው። አሁን ግን ስልኩ «ባይቋረጥ ኖሮ» አለና አንበሳውን አንስቶ ቀጠለ።

ምንጩ ከዳገቱ መውረድ ጀመረ። ዘሩ ዘንድ ሲደርስ ዘሩ ዋርካ ሆነ። ዋርካው ሥር ንቦች መጡ፤ ንቦቹ የነኩት ሁሉ አበበ። ውኃው ግን እዚያ አልቆመም። ለሁለት ተከፈለና አንደኛው ጅረት የመካከሉን መስመር አልፎ ወደ ማዶ፣ ወደ ደምሰው መሬት ወረደ። ደምሰው ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። በዚያ ሁሉ ዘመን በእሱ በኩል ያለው መሬት አንድም ቀን ለምልሞ አያውቅም፤ አንበሳ ምንም ስለማይፈልግ እሱም ምንም ዘርቶበት አያውቅም ነበር። አሁን ያ ደረቅ አፈር ረጠበ፣ ሣር አበቀለ፣ ሣሩ መሐል ወፍ አረፈ። ሸለቆው ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ሆነ። እኚህ ሰው ሊያሸንፉ ያሰቡት የእሱንም መሬት አጠጥተው ነበር።

ደምሰው ፍራሹ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር እዚያች ትንሽ ስልክ ውስጥ እንዳለ አያውቅም ነበር። ሌላ ጨዋታ ከፈተ። ጋሽ ሽብሩ በዚህኛው ውኃውን በሌላ በኩል አዙረውታል። የሌሎችንም አየ። በአንድ አፍታ ያሰናበታት አንዲት ተማሪ ሸለቆውን በንብ ብቻ ልታለማው አስባ ነበር። አንድ ፀጉር አስተካካይ በእሾህ አጥር ውስጥ የአትክልት ቦታ ደብቋል። ሁሉም የየራሱ ሸለቆ ነበረው፤ አንዱም ከሌላው አይመሳሰልም። ሁሉንም ሳያያቸው በልቷቸዋል። ገበያተኛ መጥቶ ጠራው፣ መልስ ሲያጣ ሄደ። ደምሰው በአድናቆት ፈዝዞ፣ በኀፍረትም ጭምር፣ እስኪመሽ ሲያይ ዋለ።

በማግስቱ ስንዱ ዘንድ ሄደ። ጣቷን ኮምፒውተሯ ላይ አድርጋ፣ ልመልስልህ ወይ አለችው። እሱ ግን በመጀመሪያ አንድ ነገር ጠየቃት።

«ይሄን ሁሉ አንቺ ነሽ ያሰብሽው?»

«እኔ የሠራሁት ካርዶቹን ነው» አለችው። «የጋሽ ሽብሩን ሸለቆ ሳየው እኔም እንዳንተው ነው አፌን የከፈትኩት። የሽምግልናው ዕለት ከዚህ ሲወጡ፣ ስለራስዎ ምነው አንድ ቃል አልተናገሩም ብላቸው፣ ዛሬ የመጣሁት ስለ ደምሰው ነው፣ ስለራሴማ ሌላ ቀን እመጣለሁ አሉኝ።»

ደምሰው አንገቱን ደፋ። ከዚያ፣ ይቅር፣ አንበሳው እንዳለ ይሁን ብሎ ወጣ።

የፍጻሜው ቀን የወጣቶች ማዕከሉ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ጨዋታው በትልቅ ስክሪን ይታያል። ደምሰው ከዚያ በፊት ዘርቶ የማያውቅ ሰው በመሆኑ አዘራሩ ያስቅ ነበር፤ ዘሩን ድንጋይ ላይ ይጥላል፣ ዋርካውን ገደል አፋፍ ላይ ይተክላል። ሰው ሲስቅ እሱም አብሮ ሳቀ። በስድስተኛው ዙር የጋሽ ሽብሩ ጅረት መስመሩን አልፎ ወደ እሱ በኩል ወረደና ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ተጠራቅሞ ኩሬ ሠራ። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን የሚያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ኋላ የተቀመጡት በደንብ ለማየት ብድግ ብድግ አሉ።

ሰባተኛው ዙር ደረሰ። ደምሰው በእጁ አንበሳ ነበረው። አንድ ካርድ ብቻ ይበላል፤ ያ ካርድ ምንጩ ከሆነ ግን የጋሽ ሽብሩ ልማት ሁሉ ይደርቃል። ዋንጫው አጠገቡ ነው፣ ስሙም እዚያ ገጽ ላይ ሊወጣ ነው።  ያን ውበት እንደገና ማጥፋት ግን ከበደው።

ጋሽ ሽብሩ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «አውጣው እንጂ» አሉት። «ልታዝንልኝ ነው? ስጫወት የከረምኩት ከአንበሳህ ጋር ልገጥም አይደለም ወይ?»

ደምሰው አንበሳውን ጣለ። አንበሳው ዘሎ ምንጩን በላ። ጅረቱ ተቆረጠ፣ ዋርካው መጠውለግ ጀመረ፣ አዳራሹ በሙሉ አዘነ። ጋሽ ሽብሩ አልቸኮሉም። አንድ ካርድ አንስተው አዩት፣ ጣሉትም። ደመና ነበር። ደመናው ሄዶ ያረፈው እሳቸው ዘንድ አይደለም፤ በደምሰው በኩል፣ እሳቸው በሰጡት ውኃ ከሞላው ኩሬ ላይ ነው። ውኃውን ወደ ላይ ሳበና በሸለቆው በሁለቱም ወገን አዘነበው። ዋርካው ቀና አለ። ደምሰው ድንጋይ ላይ የጣላት ዘር እንኳ በቀለች። አንበሳው ዝናብ እየመታው ከመካከል ቆሞ ነበር፣ የተፈቀደለትን አንድ ካርድ በልቶ ጨርሷል፤ ሸለቆው ሁሉ ለመለመ።

 ሸለቆውን ከዳር እስከ ዳር ያለማው የጋሽ ሽብሩ ዝናብ ነውና ደምሰው ተሸንፏል። ዋንጫውም ገጹም ሄደዋል። እሱ ግን ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ መንቀል አልቻለም። ደረቱ ውስጥ ካሸነፈባቸው ቀናት በአንዱም ተሰምቶት የማያውቅ ደስታ ነበር። ወደ ሽማግሌው ዞረና፦

«ጋሽ ሽብሩ፣ እባክዎ አንድ ጊዜ እንድገም» አላቸው።

ታሪኩ እዚህ ያበቃል። ሌላው ሰው ሐሳቡን ሳይጀምር ነገሩን የሚዘጋ ጉልበት ያለው ሰው ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ግን የሚኖረው በደረቅ መሬት ላይ ነው፣ ምን እንዳመለጠውም አያውቅም። ጉልበቱ ሲቀነስበት የተጎዳ ይመስለዋል። ያን ጊዜ ነው ግን ሌሎች ሰዎች በልባቸው ይዘውት የኖሩትን፣ አንዳንዴም ለእሱ ጭምር ያሰቡለትን የሚያየው።

እርስዎስ? በቤትዎ፣ በሥራዎ፣ ከልጆችዎ ወይም ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ሲነጋገሩ፣ በሦስተኛው ዙር የሚያወጡት አንበሳ ምንድን ነው? ቁጣዎ ነው? ሥልጣንዎ ነው? ወይስ ሁሉን አውቃለሁ ማለትዎ? እስከ ሰባተኛው ዙር ቢታገሡ ኖሮ፣ ከፊትዎ የተቀመጠው ሰው ምን ሊያሳይዎ ነበር?