የትርንጎ ላምና የደብሬ እሳት

ተረት አምጣ ካላችሁ እናንተም ጆሯችሁን አምጡ።

ትርንጎ የሚሏት አሮጊት ነበረች። ያላት አንዲት ላም፣ አንድ በሬና እናቱ የሞተችበት ጨቅላ የልጅ ልጅ ነው። ሕፃኑ የሚያድረው በላሟ ወተት ነው። ታዲያ አንድ ቀን መንደርተኛው ገበያ እንደወጣ፣ ላሟ ወንዝ ዳር ያለው ማጥ ውስጥ ተዘፈቀች። ተራራው ጠቁሮ ያጉረመርማል። ጎርፍ ሳይደርስ ላሟን ማውጣት፣ ትርንጎ የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነው።

ሕፃኑን እንዳዘለች ገመዱን ከላሟ ቀንድ አሰረች። «ገመዴ፣ ላሟን አውጣልኝ።»

«እኔ መያዝ እንጂ መሳብ መች አውቃለሁ? መሳብ የበሬው ነው» አላት።

ወደ በረቱ ሮጠች። «በሬዬ፣ ገመዱን ሳብ፤ ገመዱ ላሟን ያውጣ፤ ሕፃኑ ወተት ያግኝ።»

«በሩ ላይ ግንድ ተጋድሞ በየት ልውጣ? ክንድሽን ለምኚ።»

ውሃው ከላሟ ጉልበት ደረሰ። «ክንዴ፣ ግንዱን አንሳ፤ በሬው ገመዱን ይሳብ፤ ገመዱ ላሟን ያውጣ፤ ሕፃኑ ወተት ያግኝ።»

«ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም፤ ከባዶ ሆድ ጉልበት ከየት ላምጣ? ሽምብራውን ለምኚ።»

ውሃው ከላሟ ሆድ ደረሰ። «ሽምብራዬ፣ ክንዴን አበርታ፤ ክንዴ ግንዱን ያንሳ፤ በሬው ገመዱን ይሳብ፤ ገመዱ ላሟን ያውጣ፤ ሕፃኑ ወተት ያግኝ።»

«በጥሬዬ ብትቆረጥሚኝ የቀረችሽን ጥርስ እሰብራታለሁ። መጀመሪያ እሳት ያብስለኝ።»

ምድጃዋ ግን ከትናንት ጀምሮ አመድ ነው። እሳት ሲጠፋ ከጎረቤት መጫር የአገሩ ወግ ነው፤ ጎረቤቷ ደግሞ ደብሬ ናት። ላሟ የደብሬን ጎመን ከበላች ወዲህ ሰላምታም የለ። ትርንጎ ጦሟን ያደረችው የደብሬን ደጅ ላለመርገጥ ብላ ነው። እልኸኛ!

ላሟ ጮኸች። ትርንጎ ሮጣ ደብሬ ደጅ ቆመች።

«ደብሬ እህቴ፣ እሳት ስጪኝ፤ እሳቱ ሽምብራውን ያብስል፤ ሽምብራው ክንዴን ያበርታ፤ ክንዴ ግንዱን ያንሳ፤ በሬው ገመዱን ይሳብ፤ ገመዱ ላሟን ያውጣ፤ ሕፃኑ ወተት ያግኝ።»

«የትኛዋን ላም? ጎመኔን የበላችውን?»

ትርንጎ መዋሸት አማራት። ውሃው ግን ከላሟ አንገት ደርሷል።

«እሷኑ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

ደብሬ ፍሙን በገል ዛቀች። «ከቤትሽ ጭስ ሲጠፋ ጊዜ ትመጫለሽ ብዬ ገበያም ሳልወጣ ረመጡን አዳፍኜ ስጠብቅሽ ነበር። ምነው እንዲህ ቆየሽ?»

ከዚያማ እሳቱ ሽምብራውን አበሰለ፤ ሽምብራው ክንዷን አበረታ፤ ክንዷ ግንዱን አነሳ (ደብሬም በአንዱ ጫፍ ገብታለች)፤ በሬው ገመዱን ሳበ። የምድጃው ሙቀት በሽምብራ ዞሮ፣ በክንድ ዞሮ፣ በበሬ ዞሮ ገመዱ ጋ ሲደርስ ጉተታ ሆነ። ገመዱ ላሟን አወጣ። ጎርፉ ከኋላዋ እያገሳ ማጡን ጠርጎት ሄደ።

ላሟ ጭቃዋን አራግፋ ወዴት ሄደች? በቀጥታ ወደ ደብሬ ጎመን።

ትርንጎ ዱላ አነሳች። ደብሬ እጇን ያዘቻት።

«ተያት፣ ትብላ። ሕፃኑ ወተት ያግኝ።»

ተረቴን እዚህ ላይ አዳፈንኩት፤ እሳት የጠፋበት መጥቶ ይጫር።