የታንኳ ቦታዋን ምጥ ለያዛት ሴት ስለ ለቀቀችው ስለ ወለተ ሐና

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አምነን፣ የእመቤታችንን ስም የምትወዱ ሁሉ፣ በጣና ዳር ትኖር ለነበረች ወለተ ሐና ለተባለች ሴት ያደረገችላትን ቸርነት ስሙ፤ ጆሯችሁ ብቻ ሳይሆን እግራችሁም ይስማው።

ይህች ሴት ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ጥጥ ፈትላ የምታድር ነበረች። በየቀኑም ጎሕ ሲቀድ በሥዕለ ማርያም ፊት ቆማ ሰላምታ ሳታደርስ እንዝርቷን አታነሣም ነበር፤ ዳግመኛም «በማርያም» ብሎ የለመናትን ሰው ባዶ እጁን ላትሸኝ ተስላ ነበርና፣ ጎረቤቶቿ «ወለተ ሐናን በማርያም ብለህ ጥርሷን ብትለምናት ነቅላ ትሰጥሃለች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ስኂን የምትባል የልጅነት ባልንጀራም ነበረቻት። ስኂን ወደ ግልገል ዓባይ ላይኛው ዳር ተድራ ሄዳ፣ እርሷም ባሏን ቀብራ ብቻዋን ቀርታ ነበር። ሁለቱ ሳይለያዩ በፊት በአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጡ ነበርና፣ በእመቤታችን ጽዋ ፊት «ቀድማ ለታመመችው ሌላይቱ ከራስጌዋ ትቀመጥ» ብለው ቃል ተገባብተው ነበር። ከዕለታት በአንዱ የክረምቱ ዝናም ባባራ ጊዜ ተስቦ ገባና፣ ከወንዙ በኩል የመጣ ዓሣ ነጋዴ «ስኂን ወድቃለች፤ ጎረቤቱም በሽታውን ፈርቶ ሸሽቷታል፤ ጥርኝ ውኃ የሚያቀብላት የለም» ብሎ ለወለተ ሐና ነገራት።

ወለተ ሐናም ይህን በሰማች ጊዜ እንዝርቷን ጥላ፣ ነጠላዋን እየጎተተች ወደ ባሕሩ ዳር ሮጠችና ደርሶ የተባለውን ታንኳ ቀዛፊ አገኘችው። በዚያ አገር ታንኳ ደንገል ከሚባል የባሕር ዳር ቄጠማ የሚታሰር ነውና ውኃ ይጠጣል፤ ከመንገድ ሲመለስ ከባሕር አውጥተው፣ በፀሐይ አቁመው ሳያደርቁ ዳግመኛ አይሄዱበትም። የደርሶ ታንኳ ግን ከውኃ መውጣቱ ገና ያን ጊዜ ነበር።

«እመት፣ ይህ ታንኳ ሰክሯል። ስካሩ እስኪበርድለት ይተኛበት» አላት።

«በማርያም ውሰደኝ፣ አያ ደርሶ።»

ደርሶም ራሱን እየነቀነቀ «አገሩ ሁሉ አንቺን በዚህ ስም ሲያስጨንቅሽ ኖሮ፣ ዛሬ ዕዳሽን በእኔ ልትወጪ ነው» ብሎ ታንኳውን መልሶ ገፋው።

ከዚያም የባሕሩን ጠርዝ ይዘው ወደ ወንዙ አፍ ገቡና ሽቅብ ይሄዱ ጀመር። ወንዙ ክረምት የጠገበ ነበርና ግንዱንና ሣሩን እያግተለተለ ይወርድባቸው ነበር፤ ደርሶ በረጅም ቀርቀሃ የወንዙን ወለል እየወጋ ይገፋል፣ ወለተ ሐናም እጇ እስኪላጥ ትቀዝፋለች፣ ከአንዱ መታጠፊያ ሲያመልጡ ሌላው ይቀበላቸዋል። ሲመሽ ዳር ወጥተው እያደሩ፣ ሲነጋ ደግሞ እየገፉ ብዙ ተጓዙ። እርሷም በየመታጠፊያው «ደረስን?» ትላለች፣ እርሱም «ወንዙ አያልቅም፤ የሚያልቀው ክንዴ ነው» ይላታል። ታንኳውም በየቀኑ እየከበደ እየሰመጠ ሄደና ውኃው እስከ ወገባቸው ያርሳቸው ጀመር፤ ወለተ ሐናም «ሳይደርቅ ያስነሣሁት እኔ ነኝ» እያለች ልቧ ይወቅሳት ነበር።

ወደ ስኂን አገር በቀረቡ ጊዜ አንዲት ሴት ከወንዙ ዳር ዛፍ ተደግፋ «እናንተ ሰዎች፣ ምጥ ይዞኛል፤ አዋላጇ ማዶ ናት፤ በማርያም አሻግሩኝ» ብላ ተጣራች።

ደርሶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እመት፣ እንዳልሰማ ሰው እንለፍ። በዚህ ታንኳ ሦስት ከሆንን ሦስታችንም እንሰጥማለን። አንቺን አውርጄ እርሷን ባሻግር ደግሞ ጎርፉ ቁልቁል ይወስደኛል፤ ታንኳው ሳይደርቅ ተመልሼ አላነሣሽም» አላት።

ወለተ ሐናም የስኂን የደረቀ ከንፈር ታያትና ፊቷን ከሴቲቱ መልሳ «ግፋው» አለችው። ደርሶም ገፋ። ነገር ግን የተጠራው ስም እንደ እሾህ ወጋትና፣ ጥቂት እንደሄዱ መቅዘፊያዋን አስቀምጣ «ዳር አስይዘው» አለች፤ ወርዳም ሴቲቱን በነጠላዋ ጠቅልላ በቦታዋ አስቀመጠቻት። ጎርፉም ታንኳውን አንሥቶ ወደ ማዶ እያዘነበለ ወሰደውና ከዓይኗ ተሰወረ።

ያን ጊዜ ወለተ ሐና በጭቃው ላይ ተንበርክካ «እመቤቴ ሆይ፣ ስለ ስምሽ ብዬ ወዳጄን ተውኋት። እኔ በሁለት ስፍራ መሆን አልችልም፤ አንቺ ግን ትችያለሽና ከራስጌዋ ተቀመጪልኝ» ብላ አለቀሰች። ከዚያም ተነሥታ ደንገሉን እየገነጠለች፣ ረግረጉን እየዋኘች፣ እየወደቀችና እየተነሣች ሄደችና በማግሥቱ ከመንደሩ ደረሰች። ሙሾ ትሰማ እንደሆነ ትንፋሿን ያዘች፤ ሙሾ ግን አልነበረም፤ ከስኂን ጣሪያ ጭስ ይወጣ ነበር።

በሩን ገፍታ ብትገባ ስኂን ግድግዳ ተደግፋ አጥሚት ስትጠጣ አገኘቻት።

ስኂንም አየቻትና «ምነው እቴ፣ ውኃ ልትቀጂ ወጥተሽ ወንዙን ለብሰሽ መጣሽ?» ብላ ሳቀችባት።

«መቼ ነው የወጣሁት?»

«ተስቦው ወዳንቺ ዞረ መሰለኝ። ትናንት ነፍሴ ከጉሮሮዬ ደርሳ ሳለ ገብተሽ ራሴን ከጉልበትሽ ላይ አላኖርሽም? ከንፈሬን አላራስሽም? እሳቱን ያነደደውስ ማን ነው? ጎረቤቶቼ ጭሱን አይተው አፍረው ተመለሱ። እኔን የገረመኝ ቀሚስሽ ነው፤ ከታንኳ የወረደ ሰው ሁሉ ወገቡ ድረስ ርሶ ይገባል፣ አንቺ ግን ከሣጥን የወጣሽ ይመስል ደረቅ ነበርሽ።»

ወለተ ሐናም ምስጋናውን ዝም ብላ ብትቀበል ማንም ባላወቀባት ነበር፤ እርሷ ግን በጉልበቷ ወድቃ «እህቴ፣ እኔ ገና አሁን መድረሴ ነው፤ ጭቃዬን እዪው» አለቻት፤ በወንዙ የሆነውንም ሁሉ ነገረቻት። ስኂንም ጽዋውን አኖረችና የወለተ ሐናን የቀሚስ ዘርፍ ይዛ ጨመቀችው፤ ውኃውም በመሬቱ ላይ ወረደ። ከዚያም ከመኝታዋ መነሣት አቅቷት የነበረችው ስኂን በእግሯ ቆመች፤ ሁለቱም ወደ ራስጌው ዞረው፣ በባዶው ስፍራ ፊት ወድቀው ሰገዱ።

ደርሶም ታንኳው በደረቀለት ጊዜ መጥቶ ሴቲቱ በሰላም እንደተገላገለች ነገራቸው፤ የሆነውንም ሰምቶ አደነቀ። ወለተ ሐናንም «ከእንግዲህ ግን በመላእክቱ ሁሉ ብትለምኝኝ ታንኳዬን ሳላደርቅ አልነሣም» አላት፤ እነርሱም እየሳቁ እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ለስኂን የደረሰች እመቤት፣ የታመመ ወዳጅ እያለን ነገ እንሄዳለን ለምንል ለእኛም ትድረስልን፤ ያነበበውን፣ የሰማውን፣ ሰምቶም የተነሣውን ሁሉ ትባርክ፤ የሚጠይቀው ዘመድ በሌለው በሽተኛም ራስጌ ትቀመጥ። የልጇ ቸርነት ከሁላችን ጋር ይኑር፤ ለዘለዓለሙ አሜን።