መኪናዬን እግረ ሙቅ አላስገባም ያለው ሾፌር

አንድ ሾፌር ነበር። ስሙ ወንድይፍራው ነው። ከቆላ መጥቶ ነጭ አምባ ከሚባል ተራራ ግርጌ ከሰፈረ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ቢሆንም ድፍረቱን ያልሰማ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ አይወድም፤ መታሰር። አባቱ በእግረ ሙቅ ታስረው ሲንገላቱ በልጅነቱ አይቷል። ከዚያ ወዲህ የእጅ ሰዓት እንኳ አያስርም። ውሻውን ፈትቶ ስለሚለቀው ያልተነከሰ ጎረቤት የለውም። ሁለት ጊዜ አጭቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሠርጉ ሲቃረብ ጠፍቷል። «ትዳርም ያው እግረ ሙቅ ነው» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እሱ ግን የምሩን ነው።

ነጭ አምባ ላይ ብርዱ ሲጠና በረዶ ይጥላል። በረዶ ስላችሁ ያ ቆርቆሮ የሚደበድበው፣ የባቄላ አበባ የሚያረግፈው እንዳይመስላችሁ። ይኼኛው ድምፅ የለውም። እንደ ተባዘተ ጥጥ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ዝም ብሎ ይቆለላል፣ መንገዱን እንደ መስታወት አድርጎ ሰው ይጨርሳል። ስለዚህ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሜዳ ላይ ሾፌር ሁሉ ይቆምና ጎማው ላይ የብረት ሰንሰለት ያስራል። ብረቱ በረዶውን ነክሶ ሲይዝ መኪናው አይንሸራተትም። ያ ሜዳ ስሙም «ማሰሪያ» ነው።

ከተራራው ማዶ ባለው መንደር ደም ፈስሶ ነበር። በድንበር ጠብ የአቶ ውብእሸት አንድ ልጅ ተገደለ፤ ገዳዩም ጫካ ገባ። የገዳዩ ታናሽ ወንድም ታፈረ ግን በነገሩ ውስጥ እጁ የሌለበት፣ እዚያው መንደር አግብቶ የሚኖር ምስኪን ነው። የሟች ወገን «ገዳዩ ከጠፋ ወንድሙ አለ» ብሎ ተነሣ። አባትየው አቶ ውብእሸት ግን «ሽማግሌ ከመጣ እሰማለሁ። እስከ ዓርብ ጀንበር መጥለቂያ እታገሣለሁ። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልይዝም፤ ራሴንም ጭምር» አሉ።

ሽማግሌ ሆነው የተላኩት ጋሽ ደምመላሽ ናቸው። ስማቸው ደምመላሽ፣ ሥራቸው ደም ማድረቅ! ስም የሚያወጣ ወላጅ ምን ያውቃል? በረዶው መንገዱን ዘግቶ ሲያስጠብቃቸው ሰንብቶ፣ በመጨረሻ ዓርብ ዕለት ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው በወንድይፍራው መኪና ተሳፈሩ። ማሰሪያ ሲደርሱ ሌሎች ሾፌሮች ጎንበስ ቀና ሲሉ አዩ።

«ልጄ፣ አንተስ አታስርም?» አሉት ጋሽ ደምመላሽ።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና ምን ወንጀል ሠርታ ነው እግረ ሙቅ የማስገባት?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጋሽ ደምመላሽም ፈገግ አሉ። «እኔ የማውቀው በቅሎ ነው። በቅሎም እኮ ለዳገት ጭነቷን ያጠብቁላታል።»

«አይ ጋሼ! በቅሎና መኪና አንድ ነው? አምና ያለ ሰንሰለት ነው ስወጣ ስወርድ የከረምኩት። ደግሞስ የሰው ነፍስ እየጠበቀችን እዚህ ብረት ስቋጥር ልዋል?»

አምና በረዶው ስስ እንደነበር ማን ይንገረው? የሰው ነፍስ ሲባል ሽማግሌዎቹም ቸኮሉና «እንሂድ» አሉ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለውን ዘነጉት።

ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ውብ ነበር። ዛፉም ድንጋዩም ገደሉም አንድ ዓይነት ነጭ ለብሷል። ወፍ የለ፣ ነፋስ የለ። «እግዚኦ፣ ሥራህ ድንቅ ነው!» ይላሉ ሽማግሌዎቹ በመስኮት እያዩ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ግን መኪናዋ መውጣቷን ተወች። ወንድይፍራው ነዳጅ ሲሰጣት ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ፍሬን ረገጠ፤ አልሰማችውም። ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትቸኩል፣ ወደ ገደሉ አፍ ሄደች። «እመቤቴ ድረሽ!» አለ አንደኛው ሽማግሌ። የኋላ ጎማዋ ከአንድ ቋጥኝ ጋር ተላተመና ቆመች።

ሽማግሌዎቹ ወረዱ። ወንድይፍራው እልህ ያዘው፤ ነዳጁን ደጋግሞ ረገጠው። ጎማው ያለ ከልካይ ተሽከረከረ። እንደዚያን ዕለት ነጻ ሆኖ አያውቅም፤ የያዘውም ያስቆመውም ነገር አልነበረም። የትም ግን አልሄደም፤ ባለበት ጉድጓድ ብቻ ቆፈረ። ወንድይፍራው ይህን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ሲያይ ቆየና ሞተሩን አጠፋ።

ከመቀመጫው ሥር በጆንያ የተጣለውን ሰንሰለት አወጣ። ከመኪናዋ ጋር የገዛው ነው፤ አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም። ሜዳው ላይ ቢሆን ሰንሰለቱን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ጎማውን በላዩ ነድቶ መቆለፍ ነበር። እዚህ ግን ገደል አፍ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ብረቱን በጎማው ላይ እየጎተተ፣ መጀመሪያ የውስጡን ማያያዣ ከዚያም የውጭውን በዳበሳ መቆለፍ ሆነበት። ሽማግሌዎቹ በከዘራቸው በረዶውን እየጫሩ ረዱት። ጣቶቹ ደንዝዘው አልታዘዝ ሲሉት ጋሽ ደምመላሽ ከጎኑ ተንበርክከው ሁለቱን እጆቹን ከጋቢያቸው ውስጥ ብብታቸው ሥር አስገቡለት። ወንድይፍራው አለቀሰ። በብርዱ ነው ብሏል፤ እኛም በብርዱ ነው እንበል።

ሲጨርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። መኪናዋን አስነሣ። ብረቱ በረዶውን ነከሰ፤ መኪናዋ ተንቀጠቀጠች፣ ከጉድጓዱ ወጣች፣ ዳገቱን ተያያዘችው። ጥቂት ከሄደ በኋላ ወርዶ የላላውን አጠበቀ። ከዚያ አንድም ጊዜ አላንሸራተታቸውም። አናቱ ላይ ሲወጡ ደመናው ከእግራቸው በታች ተኝቶ አዩት። ሁሉም አፋቸውን ያዙ። ወንድይፍራው «ታስራ እኮ ነው የወጣችው» አለ፤ ለማንም አልነበረም።

ከማዶ በረዶው ሲያልቅ ሰንሰለቱን ፈታ፤ ብረት በደረቅ መንገድ ላይ ጎማ ይበላልና። መንደሩ ሲገቡ ጀንበር ተራራው ጫፍ ላይ ነበረች። የሟች ወገን መሣሪያውን ይዞ ቆሟል። ታፈረም አልሸሸም፤ ለይቅርታ የሚሸከመውን ድንጋይ ይዞ ከሩቅ ይጠብቃል። አቶ ውብእሸት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወንድይፍራው ያየውን ማመን አቃተው። የሰውዬው ቀኝ እጅ ከገዛ ቀበቶአቸው ጋር ታስሯል። የታሰረው በገመድ አይደለም፤ ከሟች ልጃቸው ኩታ በተቀደደ ጥለት ነው።

«አባቴ፣ ማን ነው ያሰረዎት?» አለ፤ ደሙ ፈልቶ።

«እኔን ማን ደፍሮ ያስረኛል? ራሴ ነኝ።»

«ይቺማ ክር ናት። አንድ ጊዜ ቢስቧት አትበጠስም?»

«ትበጠሳለች። ስንት ጊዜ ልበጥሳት እንደፈለግሁ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።» አቶ ውብእሸት እጃቸውን ቁልቁል አዩ። «ልጄን ቀብሬ ስመለስ ይህ እጅ አልሰማ አለኝ። ብቻውን ወደ ጠመንጃው ይሄዳል። ንዴት ዳገት ነው፣ ልጄ። መሐሉ ላይ ተንሸራትተህ እጄን ልሰር ብትል አይሆንልህም። ትንሽ ልብ በቀረኝ ሰዓት አሰርኩት። ጠዋት ጠዋት ይላላል፤ አጠብቀዋለሁ።»

እኒህ ሰው ሰንሰለት የታሰረ ጎማ አይተው አያውቁም። ወንድይፍራው እፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚህ የበረታ ሰው በዘመኑ አላየም፤ ያም ሰው የታሰረ ነበር።

ጋሽ ደምመላሽ ቀርበው ዕርቅ ለመኑ። ታፈረም ድንጋዩን አንገቱ ላይ ተሸክሞ መጥቶ ወደቀ። አቶ ውብእሸት «ስለ እግዚአብሔር ብዬ ትቻለሁ» አሉ። በግራ እጃቸው ጥለቱን ፈቱ፤ ሳሙትና ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። በዚያው ሲፈሩት በሰነበቱት ቀኝ እጃቸው ድንጋዩን ከታፈረ አንገት አወረዱ፤ ክንዱንም ይዘው ከመሬት አነሡት።

ወገኖቼ፣ ሰው የሚያስረን አለ፤ እሱ እስራት ነው፣ የሚወደው የለም። ራሳችን የምናስረውም አለ፤ ቃላችን ነው። ሁለቱም ስለሚያጠብቁ አንድ ይመስሉናል። ልቅ መሆንን ነጻነት እያልን ስንቶቻችን ነን ባለንበት እየተሽከረከርን ጉድጓድ የምንቆፍረው? ዳገት የሌለበት ሰው የለም። ለአንዱ ንዴት ነው፣ ለሌላው መጠጥ፣ ለሌላው ምላሱ። ዳገቱ ላይ ሆኖ ማሰር እንዴት እንደሚከብድ ሾፌሩ ያውቃል፤ ያውም ቋጥኝ ደርሶለት ነው።

እናንተስ ገና ሜዳው ላይ ሳላችሁ ምናችሁን አስራችኋል?